ላዳና ቮልስን ሐረጎ ላይ አወዳድሯቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ላዳ 2101ን ከቮልስ 1300 ጋር ያወዳደረውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ሁለቱም መኪኖች እኛ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ሁለቱንም እነዳቸዋለሁ። ዝም ብዬ ባልፍ ቅር ስለሚለኝ ብዕር አነሳሁ።

ጸሐፊያችሁ ለፍቷል። ያሰፈራቸው ቁጥሮችም ልክ ናቸው። የላዳ ሞተር 1,198 ሲሲ ነው፤ 64 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የቮልስ ሞተር 1,285 ሲሲ ቢሆንም ጉልበቱ 40 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 አጋማሽ ወዲህ የተሠራች ከሆነች 44 ይደርሳል። ላዳ እስከ 140 ትበራለች። ቮልስ 120 አካባቢ ስትደርስ በቃኝ ትላለች። ጸሐፊው እነዚህን ደረደረና ላዳ በሁሉም ነገር ትበልጣለች ብሎ ዘጋው። አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ይበቃው ይሆናል። ለኛ ግን አይበቃም። እኛ የምንነዳው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ነው። እዚህ መኪና የሚፈተነው ሲወርድ ነው። ስለ መውረድ ደግሞ ጽሑፋችሁ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

መንገዱን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ትወጣላችሁ። ዋናው ጠመዝማዛ ሐረጎ ላይ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ጭነት የሚያመጡ ተሳቢዎች በዚሁ መንገድ ይመጣሉ። ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ወደ ገበያ የሚነዱት በጎችና አህዮች ሁሉም እዚያው ናቸው። ክረምት ሲሆን ጉሙ ይወርድና ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ይቀራል።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደሴ እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ጠዋት ወርጄ ማታ እወጣለሁ። ቮልሷ የአባቴ ነበረች፤ መንዳት ያስተማረኝም በእሷ ነው። ላዳዋን ባለቤቴ ነው የገዛት፣ ከተጋባን በኋላ። ቤንዚን እንደተገኘ፣ ወይም ማን ምን እንደሚጭን አይተን አንዷን እሱ፣ አንዷን እኔ እንይዛለን። ስለዚህ የማወራው ሁለቱንም በአንድ መንገድ፣ በአንድ ወር፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ነድቼ ነው።

ከዳገቱ ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊያችሁ በግማሽ ልክ ነው። ላዳ ጉልበት አላት። ቁጥሩ ግን የተለካው ባሕር ዳርቻ ባለ አየር ነው። ደሴ ላይ ያለው አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ያለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። ስለዚህ የላዳዋ 64 እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 48 ይወርዳል። የቮልሷ 40 ደግሞ ወደ 30። ላዳዋ ባዶዋን 955 ኪሎ ትመዝናለች፤ ቮልሷ 820 አካባቢ ናት። አራት ሰው ጭናችሁ፣ ላይዋ ላይ ጆንያ አስራችሁ ሐረጎን ስትወጡ ላዳ በሦስተኛ ማርሽ ትሄዳለች። ቮልስ ሁለተኛ ትጠይቃለች። ከኋላ ሚኒባሱ ጡሩንባውን ይነፋባችኋል። ይሄ እውነት ነው፤ አልክድም።

ጸሐፊው ያላነሳው አንድ ነገር ግን አለ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛል። ካንዴላውን ፈታችሁ ብታዩት ጥላሸት ለብሷል። መኪናዋ ትንተባተባለች፤ ቤንዚን ትሸታለች፤ ትጠጣለችም። የደሴ መካኒኮች ይህን አሳምረው ያውቁታል። የካርቡራተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ በአንድ ቁጥር ጠበብ ባለው ይለውጡታል። የኛም ሁለቱም መኪኖች ተለውጦላቸዋል። ከአዲስ አበባ የመጣ ላዳ ሳይነካካ ደሴ ላይ ቢያስነጥስ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ይሄን ሳያውቁ ሞተር ያስወረዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ሙቀትስ? እዚህ ቮልስ ትበልጣለች፤ ያውም ብዙ። ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ራዲያተር የላትም፤ ውሃ የላትም፤ የሚፈላ ነገር የላትም። ውሃ በ2,500 ሜትር ከፍታ 92 ዲግሪ ሳይሞላው ይፈላል። ላዳዋ ይህን የምትቋቋመው በራዲያተር ክዳኗ ነው። ክዳኑ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱ ላይ ምን እንደሚሆን ላዳ የነዳ ሁሉ ያውቃል። በበጋ፣ ከተሳቢ ኋላ ሆኖ፣ በእርምጃ ፍጥነት ሐረጎን መውጣት ለላዳ ከባድ ነው። ቬንትሌተሯ የሚዞረው በሞተሩ ነውና ሞተሩ ቀስ ሲል ንፋሱም ይቀንሳል። መፍትሔው ማርሽ መቀነስ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፤ ቬንትሌተሩም ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ይወርዳል። ባለቤቴ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል። ሲጮህ የሚጎዳ ይመስለው ነበር።

ቮልሷም ብትሆን አንድ ነገር ትፈልጋለች። ማቀዝቀዣዋን የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) አንድ ነው፤ ያው ቺንጋ ባትሪ የሚሞላውንም ያዞራል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ ባትሪ ነው ብላችሁ ወደ ቤት አትንዱ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል፤ ግሎ ተጣብቆ ይቀራል። አባቴ ትርፍ ቺንጋ ከወንበሩ ሥር ሳያስቀምጥ ከደጃፍ አይወጣም ነበር። እኔም አልወጣም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ።

አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ የሚለው ነው። የሾፌር ሁሉ ትምህርት ነው፤ ግን አሮጌ መኪና ላይ ነፍስ ያለበት ትምህርት ነው። ቮልስ 1300 አራቱም እግሮቿ ላይ ያለው ፍሬን የታምቡር ነው። ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ነው፤ ፍሬን ስትረግጡ ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ ይይዘዋል። ሲሞቅ ታምቡሩ ይሰፋል፤ ከሸራው ይርቃል። ሸራውም ሲሞቅ መያዝ ይተዋል። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየሄደ ይመጣል። ላዳ 2101 ከፊት ዲስክ ነው ያላት፤ ከኋላ ታምቡር። ዲስኩ ያልተሸፈነ ሳህን መሰል ብረት ነው፤ ንፋስ ያገኘዋል። መኪና ሲወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል፤ ስለዚህ ሥራውን የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ላዳ ሐረጎ ላይ ከቮልስ የተሻለች ሆናለች። ጸሐፊያችሁ ስለ 140 ፍጥነት ከሚያወራ ይልቅ ይሄን ቢጽፈው ደስ ባለኝ።

አንድ ጊዜ ሠርግ ነበረብን፤ ኮምቦልቻ። ባለቤቴ አስቀድሞ ሄዷል፤ ቮልሷን እኔ ይዣለሁ። አማቴ ከፊት፣ ሁለት እህቶቼና አንድ ልጅ ከኋላ፣ የፊት ኮፈን ውስጥ ድስትና ሰሃን። በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረድኩት። ከፊቴ ያለው ተሳቢ ግን ቀጥ እያለ ይቆማል፤ እንደገና ይሄዳል፤ ይቆማል። በቆመ ቁጥር እግሬ ፍሬን ላይ ነው። ሐረጎን ልንጨርስ ስንል ፔዳሉ ሲረዝም ተሰማኝ። ይይዛል፤ ግን ሩቅ ሄዶ ነው የሚይዘው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ገባ። አማቴ «ምን ተቃጠለ ልጄ?» አሉኝ። «ምንም የለም እማማ፣ ትንሽ ትረፍ» አልኳቸውና ሰፋ ያለ ቦታ ሳገኝ ጥግ ያዝኩ። የመጀመሪያ ማርሽ አስገባሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ግን ተውኩት። በሞቀ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን ከያዛችሁ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ሸራው ላይ ይጣበቃል። እህቴ ወርዳ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገች። ቸርኬው አጠገብ እጄን ሳስጠጋ የምድጃ ሙቀት ነው ያለው። ውሃ አላፈሰስንበትም፤ ታምቡር በሙቀቱ ላይ ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል። ቁጭ ብለን ሙቀቱ እስኪወጣለት ጠበቅን። ከዚያ ፔዳሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሠርጉም ላይ ደረስን።

ያንኑ ጭነት በላዳዋ ወርጄበታለሁ። ፔዳሉ ከላይ ነው የቀረው። ጠንከር አድርጎ መርገጥ ያስፈልጋል፤ 2101 ላይ እግር የሚያግዝ ሰርቮ የለም። ግን ረግጣችሁት ትቆማለች።

እዚህ ላይ ስለ ፍሬን ዘይት ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዓመታት ከቆየ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናዋ አትቆምም። ይህ ዲስክ ታምቡር አይልም፤ ሁለቱንም ይገድላል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ቀለሙን ያሻሻል። የፍሬን ዘይቱን መቼ ለወጣችሁት ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላየሁም።

ሸራም እንዲሁ ነው። አንድ ሱቅ ለቮልሷ የሸጠልን ሸራ ከብረቱ ተላቆ ታምቡሩ ውስጥ ሲንቀጫቀጥ ተገኘ። ደግነቱ የተሰማው ጠዋት ከግቢ ስወጣ ነው። መካኒካችን ከዚያ ወዲህ አዲስ ሸራ ሲመጣለት ዝም ብሎ አይገጥምም። በጥፍሩ ጠርዙን ይሞክረዋል፤ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን በብርሃን ያየዋል። ካልወደደው ይመልሰዋል። ሻጩ ይቆጣል፤ እሱ አይሰማም።

የኩርባ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ይወራል፤ ግን ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው ጥቂት ነው። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። ከክብደቷ 60 በመቶ ገደማ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው ያረፈው። 1300 ላይ ያለው የኋላ አክሰል ግራና ቀኙ ለየብቻ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ ይወዛወዛል፤ ጎማው ጋ ሌላ መገጣጠሚያ የለውም። የመኪናዋ ኋላ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከሥር ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገብታችሁ ደንግጣችሁ ነዳጅ ከለቀቃችሁ፣ ወይም ፍሬን ከረገጣችሁ፣ ኋላዋ ይነሳል። የውጪው ጎማ ከሥሯ ይታጠፋል፤ ቂጧ ቀድሟት ሊሄድ ይፈልጋል። ቮልስ ገለበጠችኝ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ይሄንን ነው።

መድኃኒቱ ከኩርባው በፊት ነው። ቀጥታው ላይ ሳላችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ማርሽ ቀይሩ፤ ከዚያ ኩርባው ውስጥ ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ እለፉ። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት በጉም ውስጥ ስወርድ አንድ ሚኒባስ ኩርባ ላይ ቦቴ ሊቀድም ብሎ በኔ መስመር መጣ። በሁለተኛ ማርሽ ነበርኩ፤ ቀድሜ ቀንሻለሁ። ነዳጁን አልለቀቅኩም። መሪውን በቀስታ ወደ ጠርዙ ሰጠሁት። እርጥቡ አስፋልት ላይ ኋላዋ ትንሽ ተላወሰና ተመለሰ። ሚኒባሱ አለፈ። እጄ ተንቀጥቅጧል፤ መኪናዋ ግን የጠየቅኳትን አደረገች። አባቴ ሜዳ ላይ ደጋግሞ ያለማመደኝ ያንኑ ነበር፤ ኩርባ ውስጥ እግርሽን አትንቀይው እያለ።

ላዳ እንዲህ አታስጨንቅም። የኋላ አክሰሏ አንድ ወጥ ነው፤ በሞላ ላይ ተቀምጦ በብረቶች ተይዟል። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ነው መሬት የሚይዙት። ባለቤቴ ኩርባ መሃል ፍሬን ይነካል፤ መክሬው አልተውም ብሏል። ላዳዋ አፍንጫዋን ትንሽ ወደ ውጪ ትገፋና ትቀጥላለች። ይቅር ባይ ናት። መሪዋ ግን ከባድ ነው፤ በተለይ ስታቆሙ። ቀጥታ ላይ ደግሞ መሃሉ ይጫወታል፤ የመሪው ማርሽ ሲያረጅ ይብሳል። የቮልስ መሪ ቀላል ነው፤ ከፊት ክብደት የለም። በዚያው ምክንያት ከፍታው ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታት አፍንጫዋ ትሄዳለች፤ መሪውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው።

አሁን የምጽፈው ጸሐፊያችሁም፣ ጎማ ቤቶችም እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ነው። ቮልስ ከፊትና ከኋላ እኩል ነፋስ አይሞላላትም። የፊቱ ከ16 እስከ 18፣ የኋላው ከ24 እስከ 27 ነው የሚሞላው። ይህ ልዩነት የተደረገው ኋላዋ ቶሎ እንዳይሸሽ ነው። ጎማ ቤት ስትገቡ ልጁ ቱቦውን ይዞ ይመጣል። «ማዘር፣ ሁሉንም ሠላሳ ሠላሳ ልስጣቸው?» ይላል። «የለም የኔ ልጅ፣ የፊቱን 18፣ የኋላውን 26» እለዋለሁ። ተገርሞ ያየኛል። የፊቱ ጠፍጣፋ መስሎ ስለሚታየው ከዞርኩ ይጨምርበታል። ስለዚህ አልዞርም፤ መለኪያውን ራሴ ነው የማየው። አራቱም 30 የተሞላች ቮልስና በልኳ የተሞላች ቮልስ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው። ጸሐፊያችሁ የነዳት ቮልስ "ኩርባ ላይ ታስፈራለች" ካለ፣ በመጀመሪያ ልጠይቀው የምፈልገው የጎማዋን ነፋስ ነው።

ጭቃና ዝናብ ላይ አጠር አደርጋለሁ። የእኛ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ቦታ አለው። ሐምሌ ላይ ቮልሷ ትወጣዋለች፤ ላዳዋ ጎማዋን እያሽከረከረች ትቆማለች። ክብደት የሚያርፈው በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሆነ ነው። የቮልስ ጎማ 15 ቁጥር ነው፤ የላዳ 13። ጉድጓድ ውስጥ ትልቁ ጎማ ቀለል ብሎ ያልፋል። ላዳ በበኩሏ ከመሬት ከፍ ትላለች፤ ሆዷ ድንጋይ ቶሎ አይነካም። ሩሲያዎቹ ፊያት 124ን ወስደው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ላይ ሲሠሯት ለአገራቸው መንገድ ብለው ላሜራውን አወፍረዋል፤ ከፍም አድርገዋታል። ጣሊያኖቹ ከኋላም ዲስክ አድርገውባት ነበር፤ ሩሲያዎቹ ጭቃው ቶሎ እየበላው ስላስቸገራቸው በታምቡር ለወጡት። ለኛም መንገድ ደህና አድርገው ነው ያሰቡት።

ብርድ ላይ ቮልስን አላመሰግናትም። ማሞቂያዋ የሞተሩን የጭስ ማውጫ ሙቀት ነው የሚጠቀመው። ቧንቧው ከዛገ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። የደሴ ሌሊት ብርድ ነው፤ ግን ማሞቂያዋን ከዘጋሁት ቆየሁ። ጋቢ ይበቃኛል።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቮልስ ሲያይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና ትዝ ትለዋለች። ላዳ ሲያይ የደርግ ዘመንና የአዲስ አበባ ታክሲ ትዝ ይለዋል። ሰው በትዝታው ይመርጣል፤ አልፈርድበትም። እኔም ቮልሷን የምወዳት የአባቴ ስለሆነች ነው። አሁን ግን ጉዳዩ ከትዝታ አልፏል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ደሴ ነው የሚኖሩት። ተሰባስበው ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ መኪና ይገዛሉ፤ ተጭነው ይመላለሳሉ። አዲስ መኪና የማይታሰብ ሆኗል። የሚገዙትን የሚመርጡት እንደናንተ ያለ ጽሑፍ አንብበው ነው። የሚያነቡት ደግሞ የፈረስ ጉልበትና ከፍተኛ ፍጥነት ነው። አምስት ሰው ሐረጎን ሲወርድ ሁለቱም አይጠቅሙትም።

እንግዲህ ምረጪ ብትሉኝ እመርጣለሁ። ቤተሰብ ወይም ጓደኞች ጭኖ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ላዳ ትሻላለች እላለሁ። ምክንያቴ ግን ከጸሐፊያችሁ የተለየ ነው። የፊት ዲስኳና ተረጋግታ የምትታጠፍበት አኳኋን ነው። መለዋወጫውም የተሻለ ነው፤ የሞዴሉ ቤተሰብ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ሩሲያ ውስጥ ስለተመረተ ከኋለኛዋ ከላዳ 2107 ብዙ ዕቃ ይገባላታል። ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ለሚሄድ፣ ለማይቸኩል፣ ኩርባ ውስጥ እግሩን ለሚያውቅ ሰው ግን ቮልስ ይግዛ። ክረምትና ዳገት አያሳፍሯትም። ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው አሳፍሮ በየቀኑ ሐረጎን ሊወርድባት ለሚያስብ ግን አትግዛት እለዋለሁ። እወዳታለሁ፤ ግን አትግዛት እለዋለሁ።

ከመግዛቱ በፊት ደግሞ ሻጩን አስከትሎ ከደሴ ኮምቦልቻ ይውረድባት። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳይቸኩል። ታች ሲደርስ ፔዳሉ ላይ ከሞላ ጎደል ሲነሳ የነበረው ከፍታ ካለ ጥሩ ነው። ከወረደ ይጠይቅ። በሜዳው ላይ መሪውን ለቀቅ አድርጎ ፍሬን ይንካ፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች አንዱ ፍሬን ታሟል። አራቱም ቸርኬዎች አጠገብ እጁን ያስጠጋ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ እየለቀቀ አይደለም፤ አንዱ ጭራሽ ካልሞቀ ደግሞ እየሠራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ ይነጋገሩ። ሻጩ ኮምቦልቻ ድረስ አልወርድም ካለ መኪናዋን አስነስቶ ድምፅ ማዳመጥ አያስፈልግም፤ ይተዋት።

ጸሐፊያችሁ ንጽጽሩን ቢደግመው ደስ ይለኛል። ሁለቱም መኪኖች ደሴ፣ እኛ ግቢ አሉ፤ ቁልፋቸውም አለ። ከቻለ ነሐሴ ላይ ይምጣ። አንዷን እሱ ይንዳ፣ አንዷን ባለቤቴ፤ ኮምቦልቻ ላይ መኪና ይቀያየሩና ይመለሱ። የጎማውን ነፋስ እኔ እለካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከደሴ